እ.ኤ.አ. የ1993 ሂሉክስ ፒካፕ፦ ለዕለት ሥራም ለመንዝ ጭቃም ለማዘጋጀት ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁም። የአጎቴን ቶዮታ ሂሉክስ ደብል ጋቢና በቅርቡ ተረክቤያለሁ። የሻንሲው ቁጥር በኤልኤን106 ይጀምራል። ሞተሩ 2.8 ሊትር 3ኤል ናፍጣ፣ ካምቢዮው 5 ማርሽ ነው፤ ፊቱም ኋላውም ባሌስትራ ነው። አጎቴ መንዳት ካቆመ ጀምሮ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር።

በሥራ ቀን ከተማ ውስጥ ልመላለስበት እፈልጋለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በጣርማ በር አድርጌ ቤተሰቦቼ ጋር ወደ መሀል ሜዳ፣ መንዝ እሄዳለሁ። ክረምት ላይ ከዋናው መንገድ ከወጣችሁ መሬቱ ዋልካ (የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር) ነው። አንዳንዴም ጭነት ይዤ ወደ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ።

አሁን ያሉበት ችግሮች እነዚህ ናቸው። ጠዋት ለመነሳት በጣም ይለፋል፤ ሲነሳ ነጭ ጭስ ያወጣል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበትም የለውም። ከ60 በላይ እየሄድኩ ጉድጓድ ከመታሁ መሪው እጄ ላይ ይርገበገባል። ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ ያለው ክብ ብረት በዘይትና በግራሶ ርሷል። በተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ላሜራ ዝጎ ተበልቷል።

ጓደኞቼ «ከፍ አድርገው፣ 33 ኢንች ጎማ ግጠምለት፣ ተርቦም (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) ጨምርበት» ይሉኛል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የማሠራበት ገንዘብ የለኝም። እናንተ ብትሆኑ በየትኛው ትጀምራላችሁ?

መልስ (የናፍጣ ሞተር መካኒክ፣ አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ጥሩ መኪና ነው የደረሰህ። ኮምፒውተር የለውም፣ በተራ ቁልፍ ይፈታል፣ መለዋወጫውም ይገኛል። ጎማውንና ተርቦውን ለጊዜው ተዋቸው። መጀመሪያ ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን እንወቅ።

ታንኩ ውስጥ የቆየውን ናፍጣ ሙሉ በሙሉ አፍስሰው። ብዙ የቆመ ታንክ ውሃና ዝቃጭ አያጣም። የናፍጣ ፊልትሮውን ቀይር፤ ከሥሩ ያለውን የውሃ ማጠራቀሚያም አፍስስ። የደረቁ የናፍጣ ጎማ ቱቦዎች ካሉ አብረው ይቀየሩ። ናፍጣ ባይንጠባጠብባቸውም አየር ይስባሉ። አየር ከገባ ደግሞ ጠዋት አይነሳም።

ነጩን ጭስ በተመለከተ መጀመሪያ የምጠረጥረው ካንዴላዎቹን (ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን) ነው። አራቱን የሚያገናኘውን ብረት ፍታ። የሙከራ አምፖል ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አያይዝና የእያንዳንዱን ካንዴላ ጫፍ ንካ። አምፖሉ ያልበራበት ካንዴላ ሞቷል። ስትገዛ ቮልቴጁ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጥ፤ በመልክ የሚመሳሰሉ፣ በቮልቴጅ የሚለያዩ አሉ። ካንዴላዎቹ ደህና ከሆኑ ወደ ማስተላለፊያው ሪሌ ሂድ። የደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ይህ ሞተር ያለ ካንዴላ አይነሳም።

ጥቁሩ ጭስ ሌላ ታሪክ ነው። አንተ ያለኸው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የናፍጣ ፖምፓው ግን ናፍጣውን ካልቀነሰ ትርፉ ሳይቃጠል በማርሚታው ይወጣል። «ጉልበት አጣ» ተብሎ የፖምፓው ቪት እንዲከፈት አትፍቀድ። እዚያ ከፍታ ላይ የምታተርፈው ጭስና ሙቀት ነው። አዲስ የአየር ፊልትሮ ግጠም፣ ናፍጣውን የሚረጩትን ኖዝሎች ፖምፓ ቤት አስመርምር፣ የቫልቭ ክፍተት አስለካ። ሦስቱ ከተስተካከሉ ልዩነቱን ራስህ ታየዋለህ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። የዚህ ሞተር ደካማ ጎን ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ነው። ከጋለ በቫልቮቹ መሃል ይሰነጠቃል። ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት፣ አስነሳና ውሃውን ተመልከት። አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ወይም ክዳኑን ዘግተህ ስታስነሳው የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ ቱቦ ገና ሳይሞቅ ከደነደነ፣ ቴስታታውን ወይም ከሥሩ ያለውን ጓርኒሲዮን መጠርጠር ነው። ከዚያ በኋላ ኮምፕረሽን አስለካ። በከፍታ ምክንያት ቁጥሩ ከመጽሐፉ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ብቻ አያስደንግጥህ። አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸውን እይ።

የራዲያተር ክዳን ርካሽ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። አንተ ጋ ክፍት ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩን የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። አዲስ ክዳን ግዛ፣ የቧንቧ ውሃውን አፍስሰህ ኩላንት ሙላ።

የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለህ ዛሬውኑ አስቀይረው። የሚቀየረው በ100,000 ኪሎሜትር ነው፤ የቆመ መኪና ላይ ግን ጎማው በዕድሜም ይደርቃል። ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታል።

ተርቦ በከፍታ ቦታ እንደሚጠቅም አልክድም፤ ያጣኸውን አየር ይመልሳል። ነገር ግን 30 ዓመት በሠራ ቴስታታ ላይ ሙቀት መጨመር ነው። ይህ ሞተር ካበቃለት ወደ 5ኤል ሂድ። 3.0 ሊትር ነው፣ የዚያው ቤተሰብ ስለሆነ ያለ ብዙ ጣጣ ይገጥማል። የሞተር ቁጥሩ ግን ከሊብሬው ጋር መስማማት አለበት። ከመግዛትህ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ። ቀለም ወይም ቦዲ ስትቀይርም እንደዚያው ነው፤ አለዚያ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ ትቸገራለህ።

መልስ (ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ደሴ)

ልጄ፣ መካኒኩ ስለ መሄድ ነገረህ፤ እኔ ስለ መቆም ልንገርህ። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተህ ደብረ ሲናን አልፈህ ሸዋ ሮቢት እስክትደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ነው የምትወርደው። በዚያ መንገድ ላይ ፍሬናቸው የጋለ ብዙ መኪኖች አይቻለሁ።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ዘይት ውሃ አዝሏል ብለህ ቁጠር። ቁልቁለት ላይ ሲግል ውሃው ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆንብሃል። አሮጌው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ አዲስ ዶት 3 ይግባ፤ ከዚያ በኋላ በየ2 ዓመቱ ይቀየር። የጎማ ቱቦዎቹን አጥፈህ እያቸው፤ ከተሰነጣጠቁ ይጣሉ። የኋላው ታምቡር ተከፍቶ ዘይት የሚያፈስና የደረቀ ነገር መኖሩ ይታይ።

ሌላው ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከኋላ ዲፈረንሻል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለው። ሥራው ጭነቱን እያየ የኋላውን ፍሬን ማብዛትና መቀነስ ነው። መኪናውን ከፍ ካደረግህ ቫልቩ ካሶኒው ባዶ ነው ብሎ ያስባል፤ ጭነት ይዘህም ቢሆን የኋላውን ፍሬን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ከፍ ካደረግኸው የዘንጉ ማያያዣ አብሮ ይስተካከል። ይህን ካላወቀ ሠራተኛ ጋር መኪናህን አታስገባ።

ቁልቁለቱን ከመጀመርህ በፊት ማርሽ ቀንስ። ፍሬኑ የሞተሩ ረዳት ይሁን።

መልስ (ላሜራ ሠሪ፣ አዳማ)

የተበላውን ወለል ስቱኮ ሞልተው ቀለም እንዳይቀቡብህ። ምንጣፉን ሙሉ አንሳ፤ ዝገቱ ከምታየው ይሰፋል። ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድ፤ ከላይም ከታችም ጸረ ዝገት ይቀባ። ውሃው የሚገባው ብዙውን ጊዜ ከፊት መስታወቱ ጎማ ወይም ከበሩ ጎማ ነው። እሱ ሳይደፈን ወለሉን ብታሠራ ተመልሶ ይበላል።

ከቦዲው በፊት ግን ሻንሲውን እይ። በተለይ የኋላ ባሌስትራ የሚንጠለጠልበትንና ከጋቢናው ጀርባ ያለውን ቦታ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርግ። ድምፁ ከደነዘዘ ወይም ብረቱ ከሰረጎደ ለጎማ ያሰብኸው ገንዘብ እዚያ ይግባ።

መልስ (ከአዲስ አበባ)

እኔ 33 ነው የምነዳው፤ በጣም ወድጄዋለሁ። ቁመናው ብቻ ይበቃል። የዲፈረንሻሉን ጥርስ ካስቀየርክ ጉልበትም አታጣም።

መልስ (የአስጎብኚ ድርጅት ሾፌር፣ ሐዋሳ)

33ን አልነቅፍም፤ ጠያቂው ግን ጥርስ ማስቀየሪያ ገንዘብ የለውም። ይህ መኪና ሲወጣ የነበረው 205ኤር16 ጎማ ወደ 29 ኢንች ነው። 33 ስትገጥም ማርሽህ ሁሉ በ14 በመቶ ገደማ ይከብዳል። ባሕር ጠለል ላይ 90 ፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ሞተር 2,800 ሜትር ላይ ያንን አይችለውም። ፓራፋንጎውም ይቆረጣል፣ የፊት አክስል ጆይንቶቹም (መታጠፊያዎቹ) ይጎዳሉ።

ቱሪስት ይዘን ወደ ኦሞ ስንሄድ የምንመርጠው 235/85ኤር16 ነው። 31.7 ኢንች ገደማ ይሆናል፤ ረጅምና ጠባብ ነው። ዋልካ ላይ ሰፊ ጎማ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ጥርሱም ቶሎ ይሞላል። ጠባቡ ሰንጥቆ ታች ያለውን ጠንካራ መሬት ይፈልጋል። ኪሎሜትር ቆጣሪህ 80 ሲል በእውነቱ ወደ 87 እንደምትሄድ አትርሳ። ጎማውን ስትገዛ ቸርኬህን ይዘህ ሂድ፤ ባለ 15 ቸርኬ የተገጠመላቸውም አሉና።

ከፍ ማድረጉን በአዲስ ባሌስትራና በሚመጥነው ሾክ 5 ሴንቲሜትር ብቻ አድርገው። የባሌስትራውን ማንጠልጠያ ማስረዘም ርካሽ ነው፤ ፊት ላይ ግን የአክስሉን ማዕዘን ይለውጥና መሪው ይዋልላል። የፍሬን ቱቦዎቹ ርዝመት እንደሚበቃም ይታይ። ጭቃ ውስጥ ስትገባ ጎማውን እስከ 20 ፒኤስአይ ገደማ አስተንፍስ፤ የአየር መሙያ ግን መኪናው ውስጥ ይኑር። አካፋና ጥሩ ገመድም አይለዩህ።

መልስ (ከሻርጃ)

እዚህ ያገለገለ የሂሉክስ ዕቃ ብዙ አለ። አገር ቤት ያጣኸው ነገር ካለ የዕቃውን ቁጥር ከአሮጌው ላይ አንብበህ ላክ። «የ93 ሂሉክስ» ብቻ አይበቃም፤ በዚያው ዓመት ባለ ቤንዚንና ባለ ናፍጣ፣ ባለ ባሌስትራና ባለ ቶርሽን ባር (በባሌስትራ ምትክ የሚጠመዘዝ ዘንግ ያላቸው) ነበሩ። ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ጓርኒሲዮን፣ የፍሬን ዕቃ ግን ያገለገለ አትግዛ። እነዚህን አዲስ አበባ የመለዋወጫ ሱቆችም አዲስ ታገኛለህ።

ጠያቂው

ጋሼም፣ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ራዲያተሩ ላይ አረፋ የለም። ከአራቱ ካንዴላዎች ሦስቱ ሞተዋል። የፊቱን ቀኝ እግር (ያን በግራሶ የራሰውን ክብ ብረት) ዛሬ ከፍተነዋል። ውስጡ ግራሶው ቀጥኖ እንደ ሾርባ ሆኗል፤ የሚሠራው ሰውዬ የመሪ ዳምፐሩን (ንዝረት የሚያበርደውን) ብቻ ቀይረን እንዝጋው ይላል። ልስማማ?

መልስ (የናፍጣ ሞተር መካኒክ፣ አዲስ አበባ)

አትስማማ። ግራሶው የቀጠነው የዲፈረንሻሉ ዘይት በውስጠኛው የአክስል «ሲል» (ዘይት የሚያግድ ጎማ) በኩል ስለገባበት ነው። መሪው የሚርገበገበው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከላይና ከታች ያሉት ኩሽኔታዎች ስለተበሉ ነው። ዳምፐር ንዝረቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

የሁለቱም እግር «ሲል» እና ኩሽኔታ ይቀየር። ስትፈቱ የላይኛውንና የታችኛውን ስስ ሺሞች (የብረት ማስተካከያዎች) ለየብቻ አስቀምጡ፤ ከተቀላቀሉ እግሩ መሃሉን ይስታል። ኩሽኔታው ሲገጠም ጥብቀቱ በስፕሪንግ ሚዛን ይለካ፤ በእጅ ግምት አይሆንም። ጆይንቱን በናፍጣ አጥባችሁ ኳሶቹ የሚሮጡበትን መስመር እዩ። ከተቦረቦረ ይቀየር። ከዚያ ሞሊ (ሞሊብዲነም) ያለበት ግራሶ ሦስት አራተኛ ያህል ሙሉ። የመሪውን ዘንግ ጫፎችም አብራችሁ ፈትሹ። የዲፈረንሻሉ ትንፋሽ ማስወጫ ከተደፈነ አዲሱም «ሲል» ያፈሳል፤ ስለዚህ በቀጭን ቱቦ እስከ ሞተሩ ክፍል ከፍ አድርጉት፤ ወንዝ ስትሻገርም ውሃ አይገባበትም።

ሲያልቅ ፍሪ ዊሉን (የፊት ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያገናኘውን) ቆልፈህ በፎር ዊል ጥቂት ኪሎሜትር ንዳው፤ ከዚያም በየወሩ አንድ ጊዜ እንደዚሁ አድርግ። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን አታድርገው፣ ጠጠር ወይም ጭቃ ላይ ይሁን።