የብረት ኪኒን እየዋጥኩ ደሜ አልጨምር አለ፤ እባካችሁ!

ጨረቃ፦ ቶሎ መልሱልኝ። ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ ኪኒን ከጀመርኩ ወር አልፎኛል። ዛሬ ውጤቴን ሳየው ሄሞግሎቢኔ ንቅንቅ አላለም። ደረጃ ስወጣ ያዞረኛል። ነገ ቀጠሮ አለኝ። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሆን? እጥፍ አድርጌ ልውሰደው?

ባዮ መምህር፦ መጀመሪያ አካሄዱን እንረዳ። የተዋጠ ሁሉ ደም ውስጥ አይገባም። የጨጓራ አሲድ ብረቱን ያሟሟዋል። ከዚያ ዱዎዲነም የሚባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይቀበለዋል። ግድግዳው ላይ ቪላይ የሚባሉ ጣት መሰል ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ብረቱ በነሱ ሴሎች አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። ትራንስፈሪን የሚባል ፕሮቲን ተሸክሞ መቅኔ ያደርሰዋል። ቀይ የደም ሴል የሚሠራው እዚያ ነው። የስብ መንገድ ግን ሌላ ነው፤ መጀመሪያ በሊምፍ በኩል...

ቀጥታ፦ መምህር፣ ልጅቷ እያዞራት ነው፤ ስቡን ለሌላ ቀን ያቆዩልን 😀 ጨረቃ፣ በብርቱካን ጭማቂ ዋጪው።

ሰናይት፦ እኔም ብርቱካን እላለሁ።

ፋርማሲስቷ፦ ከምን ጋር ነው የምትውጪው? ሌላ የምትወስጂው መድኃኒትስ አለ?

ጨረቃ፦ ቁርስ ላይ፣ በሻይ በወተት። ለጨጓራዬ ኦሜፕራዞልም እወስዳለሁ። ምን አገናኘው?

ፋርማሲስቷ፦ ነገሩ ያለው እዚያው ላይ ሳይሆን አይቀርም። የሻይ ታኒን ብረቱን ይይዘዋል። የወተት ካልሲየም መመጠጡን ይቀንሰዋል። ኦሜፕራዞል ደግሞ አሲዱን ይቀንሳል። ኪኒኑን ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ በውሃ ዋጪው። ሻይ፣ ቡናና ወተት ይራቁት። ብርቱካን አይጎዳም፤ ይበልጥ የሚያግዘው ግን ከአትክልትና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ነው። ኦሜፕራዞሉን በራስሽ እንዳታቋርጪ፣ ነገ ለሐኪሙ ንገሪው። እጥፍ ማድረግማ በፍጹም! ብዙ ብረት ሲገባ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። እሱ ለ1 ቀን ያህል ተጨማሪ ብረት እንደልብ እንዳይገባ ያግዳል። አንዳንድ ሐኪሞች ቀን እያዘለሉ የሚያዙት ለዚህ ነው።

ሞጋች፦ ሁላችሁም ስለ መግባቱ ብቻ ታወራላችሁ። እየገባ የሚፈስስ ከሆነ? የወር አበባሽ ይበዛል? ጨጓራሽ ይደማ ይሆን? ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያም ብረት በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ደግሞ ደም ማነስ ሁሉ የብረት እጥረት አይደለም። ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠጠው የትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱ ካነሰሽ ብረት ብትውጪ አይሞላልሽም። የተከማቸ ብረትሽን የሚያሳየው ፌሪቲን ተለክቶልሻል?

ጨረቃ፦ ፌሪቲን የሚል ወረቀቱ ላይ የለም። ሰገራዬ ግን ጠቁሯል፤ ደነገጥኩ።

ፋርማሲስቷ፦ ብረት ሰገራ ያጠቁራል፣ የተለመደ ነው። ግን እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና በጣም የሚሸት ከሆነ፣ ወይም ደረትሽን ካመመሽ፣ ቁጭ ብለሽ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ራስሽን ከሳትሽ ነገን አትጠብቂ። አሁኑኑ ሂጂ።

ተስፋ፦ ብርቱካን ሞክሪ እህቴ።

አዲስ ገቢ፦ ጨረቃ፣ ሐኪሙ ምን አለሽ? እኔም በወተት ነው የምውጠው።