የሰባት ወር ሕፃን ይዘን በክረምት የት እንውጣ?

ጥያቄ፦ የሰባት ወሯ ሕፃን እናት፣ ከዓለም ገና

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ መምህራን ነን። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሁለታችንም ከልጃችን ጋር ሙሉ ቀን የምንውልበት ጊዜ የመጣው ሰማዩ በማይጨበጥበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ልጃችን ሰባት ወር ሞልቷታል፤ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ጀምራለች። ቤት ውስጥ ስትውል ትነጫነጫለች፤ ደጅ ይዘናት ስንወጣ ግን የጎረቤቱ ባሕር ዛፍ ሲወዛወዝ እያየች ጸጥ ትላለች። እንዲህ ሆና ሳያት ይህን ክረምት አራት ግድግዳ ውስጥ እንድታሳልፈው አንጀቴ አልችል አለ።

ባለፈው ሳምንት እንጦጦ ፓርክን እናሳያት ብለን ተነሣን። ምሳ በልተን፣ ልብሷን አዘገጃጅተን ስንወጣ ሰባት ሰዓት ሆነ። ከተማውን በታክሲ ቆራርጠን ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ሃያ ደቂቃ እንኳን ሳንቆይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደብን። የታቀፈችበት ፎጣ በሰበሰ፤ እሷም እስከ ቤት አለቀሰች። አማቴ ልጅቷን ከእጄ ተቀብለው እግሯን በመዳፋቸው እያሹ፣ «መስከረም ሳይጠባ ይህቺ ልጅ ከዚህ ደጃፍ አትወጣም» አሉ። ልጅቷ አልታመመችም፤ አላስነጠሳትም። የእሳቸው ጭንቀት ግን ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ቃላቸውን ረግጬ መሄድ አልፈልግም።

መኪና የለንም። በዓለም ገና ዙሪያ ደርሰን የምንመለስበት ቦታ የምታውቁ፣ ሕፃን ይዛችሁ በክረምት የወጣችሁ፣ እንዴት እንደሆነላችሁ ንገሩኝ። ምግቧንና የመንገዱንም ነገር ጭምር።

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት፣ ከሰበታ

እህቴ፣ ዝናቡ ላይ የጣላችሁ በሰባት ሰዓት መውጣታችሁ ነው። በእኛ አካባቢ ክረምት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ጠዋቱ ይገለጣል፤ ደመናው ከቀትር ጀምሮ ይከመርና ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። በእርግጥ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋትም የማይለቅበት ቀን አለ፤ እንደዚያ ያለ ቀን ቤት መዋል ነው። እኛ የመጀመሪያ ልጃችንን ይዘን ስንወጣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ዘግተን እንሄዳለን፤ ስድስት ሰዓት ላይ ቤት እንገባለን። የሕፃን ልጅ ጉዞ ከዚያ በላይ ርዝመት አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ነገር ርቀቱ ነው። ከዓለም ገና እንጦጦ ማለት ከተማውን ከደቡብ ምዕራብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ ማቋረጥ ነው። ከፍታውም 3000 ሜትር ይዘላል፤ ታች ካፊያ የሆነው እዚያ በረዶ ቢሆን አይግረማችሁ። ፓርኩን በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ጀምሮ ደጋግሜ ሄጄበታለሁ፣ እወደዋለሁም፤ ለእናንተ ግን የጥቅምት ቦታ ነው።

ለእኛ ሰፈር የቅርብ ጌጣችን መናገሻ ሱባ ደን ነው። ከወጨጫ ተራራ ጥግ ያለ የጽድ፣ የዝግባና የኮሶ ደን ነው፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ልጄ ጉሬዛ ያየው እዚያ ነው። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ነጭ ጅራቱን ተከትሎ አንገቱ እስኪዞር ያይ ነበር። ነገር ግን ወደ ውስጥ የሚያስገባው የአፈር መንገድ በነሐሴ ጭቃ ነው። መኪና ይዘን እንኳን አንድ ጊዜ ተይዘን ገበሬዎች ገፍተው አውጥተውናል። ሕፃን ታቅፎ በእግር የሚሞከር አይደለም፤ ለበጋ አቆዩት።

መልስ፦ ነርስና የዓሥራ አንድ ወር ልጅ እናት፣ ከለገጣፎ

እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ ሳይረፍድም አይቀር። ስለ ብርዱ ልንገርሽ። ጉንፋን የሚይዘን ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ቫይረስ ነው እንጂ ነፋስ ብቻውን አያመጣውም። ይሁን እንጂ አማትሽ ፈጽሞ አልተሳሳቱም፦ ርጥብ ልብስ የሕፃንን ሙቀት ቶሎ ይወስዳል። ስለዚህ ወፍራም አንድ ልብስ ከማልበስ ስስ ስስ ልብስ ደራርቢላት፤ ሲሞቅ አንዱን ታወልቂያለሽ። ሙሉ ቅያሪም በላስቲክ ጠቅልለሽ ያዢ። በርዷት እንደሆነ ለማወቅ እጅና እግሯን አትንኪ፤ የሕፃን እጅና እግር ጤነኛም ሆኖ ይቀዘቅዛል። ጣትሽን ከማጅራቷ ሥር አስገቢ። እዚያ ሞቅ ካለ ደህና ናት፤ ካላባት ደግሞ አብዝተሻል።

ዝናብ ሲመጣ ሰዎች ሕፃኑን በላስቲክ ሲሸፍኑ አያለሁ። እባክሽ ይህን አታድርጊ፤ አየር ያሳጣታል። ዣንጥላ ያዢ፤ ባለቤትሽ ይያዝልሽ። ስታዝያትም ነጠላው አፍንጫዋን እንዳይሸፍን፣ አገጯም ደረቷ ላይ እንዳይተኛ እያየሽ።

ክትባቷን ደግሞ አስቢ። የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በዘጠኝ ወር ነው፤ ሁለተኛው በ15 ወር። ልጅሽ ገና ሰባት ወሯ ስለሆነ እስከዚያው ሰው የተፋፈገበት አዳራሽ አታግቢያት። ሜዳ ግን ይሻላታል።

ውኃን በተመለከተ፣ በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይንፈቅፈቅ። በፔርሙስ ያዢ። ምግቧን አብስለሽ ይዘሽ ከሄድሽ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። እኔ የተፈጨ ምግብ መሸከም ትቻለሁ፤ ሙዝና አቮካዶ በቦርሳዬ አደርግና እዚያው ልጬ በማንኪያ አደቅቃለሁ። ጡት ካለ ሌላው ሁሉ ተጨማሪ ነው። ዓመት ሳይሞላት ማር እንዳታቀምሺያት፣ በመንገድ ላይ ሽማግሌም ቢመርቅበት። የተጠበሰ የበቆሎ እሸትም ለአንቺ ነው፤ ፍሬው ያንቃታል።

ከጉዞ በኋላ ተቅማጥ ከያዛት ጡት አታቋርጪ፤ አንዱን ፓኬት ኦ.አር.ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠሽ ጥቂት ጥቂት ስጫት፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፊው። ደም ካየሽበት፣ ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ወይም መጥባት እምቢ ካለች ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

መልስ፦ የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ እናት፣ ከለቡ

እኛ ባለፈው ክረምት ቢሾፍቱ ሄደን ባቦጋያ ዳር አደርን። ከአዲስ አበባ ሞቅ ይላል፣ መንገዱም አስፋልት ነው፤ ልጄም ሐይቁን እያየ እጁን ሲያማታ ዋለ። እኔ ቢሾፍቱን እመክራለሁ።

መልስ፦ ነርሷ፣ ከለገጣፎ

ቢሾፍቱ መልካም ነው፤ ለማደር ከሆነ ግን አጎበር ይዛችሁ ሂዱ። ቦታው ዝቅ ስለሚል ወባ ሊኖር ይችላል፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ይበረታል። ወደ ሶደሬ ከሆነማ ያለ አጎበር አይታሰብም። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጅቷን ትኩሳት ከያዛት፣ ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትነግሩት የት ሄዳችሁ እንደነበር ይሁን።

መልስ፦ የሚኒባስ ሾፌር፣ የሦስት ልጆች አባት

ስለ መንገዱ እኔ ልናገር። ሕፃን የታቀፈች እናት ስትመጣ ሰው ሁሉ ክብር መስሎት ጋቢና ያስቀምጣታል። እኔ አላስቀምጥም። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ከመስታወቱ ፊት የምትገኘው ሕፃኗ ናት። ከሾፌሩ ጀርባ ባለው ረድፍ መካከል ተቀመጪ፤ በሩ አጠገብም አትሁኚ። ጀርባሽ ላይ አዝለሽ አትቀመጪ፤ ፈትተሽ ከፊትሽ እቀፊያት። አብሮ የሚሄድ ዘመድ ከተገኘ መኪና ተኮናትራችሁ ሒሳቡን ተካፈሉ፤ የምትፈልጉበት ቦታ መቆም ትችላላችሁ። ማለዳ የሚወጣ መኪናም ሾፌሩ ያልደከመ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት በዋዜማው መነኸሪያ ሄዳችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ሾፌሮች የዕለቱን ያውቃሉ። ጎርፍ መንገድ ያቋረጠበት ቦታ ካለም ይነግሯችኋል።

መልስ፦ የታሪክ መምህር፣ ከፉሪ

የሙያ አጋሮቼ ናችሁና ደስ ብሎኛል። ከዓለም ገና ተነሥቶ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው አስፋልት ላይ ሆናችሁ እስካሁን መልካ ቁንጥሬን ማንም አለማንሣቱ ገረመኝ። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእናንተ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አዋሽ ወንዝ ዳር ነው፤ በጎጆዎች የተሠራ ሙዚየም አለው። ዝናብ ቢመጣ መጠለያ አላችሁ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በአቅራቢያው ካለው የቅድመ ታሪክ ስፍራ ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ለእናንተ የምለው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች እዚያ ጎምቦሬ በተባለው ስፍራ 700 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የእግር አሻራ አግኝተዋል። ትንሽ ኩሬ ዳር ጭቃ ላይ የቀረ ነው፤ የአዋቂም የሕፃንም አለበት። ከሕፃናቱ መካከል የአንድ ዓመት ገደማ ልጅ እንደነበረ ይታሰባል። ድንጋይ እየጠረቡ፣ ሥጋ እየቆራረጡ ልጆቻቸውን ከአጠገባቸው አልለዩም። ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ተማሪዎቼ ጸጥ የሚሉበት ነጥብ ይህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በነሐሴ አዋሽ ሞልቶ ይሄዳል፤ ዳሩም ይናዳል። ከወንዙ ራቁ። አዳዲ ማርያምም በዚያው አቅጣጫ ናት፤ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ከአስፋልቱ መገንጠል ስላለበት ግን ለሌላ ቀን ተዉአት።

መልስ፦ የአምስት ልጆች አያት፣ ከሰበታ (የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ)

ልጄ፣ እኔም አማት ነኝና አማትሽን አውቃቸዋለሁ። «አትውጡ» ያሉሽ ቤት ቀርተው ሲጨነቁ መዋሉን ፈርተው ነው። ይዘሻቸው ሂጂ። እኛ አራሶቻችንን በአንቀልባ አዝለን አረም ስናርም ነው የኖርነው፤ እሳቸውም ያውቁታል፤ ረስተውት እንዳይመስልሽ። ጋቢያቸውን ይያዙ፤ ልጅቷን የማልበሱን ሥልጣን ለእሳቸው ስጪ። አሁን ጾመ ፍልሰታ ነውና ቆዪላቸው። ከነሐሴ 16 ወዲያ ይሁን።

እስከዚያው ቡሄ አለልሽ። ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ደጃፍሽ ሲመጡ ታቅፈሽ አውጪያት፤ የዱላቸውን ምት ትስማ። ከችቦው ጭስ ብቻ አርቂያት።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ፣ የእርስዎን ምክር ለባለቤቴ ሳነብለት ወዲያው ወደ እናቱ ክፍል ሄደ። አማቴ ትንሽ ዝም አሉና፣ «ጋቢዬ ታጥቧል?» ብለው ጠየቁ።

የሄድነው ነሐሴ 18 ቀን ነው። በዋዜማው መነኸሪያ ጠየቅን፤ አንድ ተኩል ላይ ወጣን፤ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥን። ልጅቷ እስከ መልካ ቁንጥሬ ተኛች። ጎጆዎቹን አንድ በአንድ አየን፤ አማቴ የድንጋይ መጥረቢያዎቹን ሲያዩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ለረጅም ጊዜ ቆሙ። የሕፃኑን አሻራ ነገር ባለቤቴ ሲነግራቸው ግን ምንም አልመለሱም።

ውጭ ሣሩ ላይ ላስቲክ አነጠፍን፤ በላዩ ጋቢ። ልጄ ተቀምጣ ጤዛ ያዘለ ሣር በሁለት እጇ ትጎትታለች፤ ሲበጠስባት ወደ ኋላ ትንገዳገዳለች፤ ደግማ ትይዛለች። በኋላ አማቴ ራሳቸው ካልሲዋን አወለቁ። ብብቷን ይዘው አቁመው እግሯን ለስላሳው አፈር ላይ አሳረፏት። ልጄ ጣቶቿን ሰብሰብ አደረገች። አንሥተዋት ጎንበስ ብለው አዩት፤ አምስቷም ጣት ወጥታለች። በነጠላቸው ጫፍ እግሯን ጠርገው ካልሲውን መልሰው አጠለቁላት።

አምስት ሰዓት ላይ ደመናው ከበስተ ምዕራብ ሲጠቁር ተነሣን። ዝናቡ ያገኘን ዓለም ገና ስንደርስ ነበር፤ ዣንጥላውን ለሁለት ደቂቃ ዘረጋን፤ ቤት ገባን። በሚቀጥለው ጊዜ የማስተካክለው ነገር ቢኖር ዳይፐሩን ነው፤ ሦስት ይዤ አንሶኝ ነበር፤ አምስት ያዙ። የቆሸሸውንም የምትመልሱበት ላስቲክ አትርሱ።

የሰበታው ወንድሜ፣ አማቴ አሁን ጉሬዛውን ካላየን እያሉ ነው። የመናገሻ ሱባው መንገድ በጥቅምት መጀመሪያ ይደርቃል? ወይስ እስከ ኅዳር እንጠብቅ?

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት፣ ከሰበታ

በጥቅምት አጋማሽ ሂዱ፤ መንገዱ ጠንክሮ አቧራው ገና አልተነሣም። ጠዋት ግን ይበርዳልና ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። እኛም እንመጣለን፤ መኪናዬ ውስጥ ለእናታችን ቦታ አለ።