«ሃርት» መቼ ልብ፣ መቼ ሆድ፣ መቼ አንጀት ይሆናል?

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)
ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ እያዘጋጀሁ «ሃርት» ላይ ተያዝኩ። ተማሪዎቹ ቃሉን ባዩት ቁጥር «ልብ» ይላሉ። «ለርን ባይ ሃርት» በልብ መማር፣ «ሉዝ ሃርት» ልብ መሳት፣ «ሃርትበርን» የልብ ቃጠሎ ሆኖ ይመጣል። ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱም «ልቡ አብጧል» የሚለውን ቃል በቃል ያስቀምጡታል። ዝርዝር ከማሸምደድ ሌላ ምን ዘዴ አለ?

መልስ (ከከዚራ)
መጀመሪያ አካሉን ለዩ። «ሐኪም በማዳመጫ ሊሰማው ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። ከቻለ ልብ ነው፤ አዋቂ ሰው ሲያርፍ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ የሚመታው። የልብ ምት፣ የልብ ቧንቧ፣ የልብ በሽታ እዚህ ይገባሉ።

«ሃርትበርን» ግን ያታልላል። ቃር ነው። የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ ቱቦ ሲመለስ ከደረት አጥንት ጀርባ ያቃጥላል፤ ስሙ የመጣው ከቦታው ነው እንጂ ልብ ምንም አልሆነም።

«ሃርት አታክ»ና «ሃርት ፌለር»ንም ይለዩላቸው። የመጀመሪያው ወደ ልብ ጡንቻ የሚሄደው ደም በድንገት ሲዘጋ ነው፤ ሁለተኛው ልብ ደም የመግፋት አቅሙ ሲቀንስ። እኛ ሁለቱንም «የልብ ድካም» ስለምንል በንባብ ጥያቄ ላይ ይምታታባቸዋል።

መልስ (ከጀጎል፣ ሐረር)
ምሳሌያዊው ትርጉም የሚወሰነው በ«ሃርት» ሳይሆን ዙሪያውን ባሉት ትናንሽ ቃላት ነው። ሰሌዳ ላይ ጥንድ ጥንድ አድርገው ይጻፉ፦

«ቴክ ሃርት» ማለት አይዞህ፣ በርታ። «ቴክ ኢት ቱ ሃርት» ሲሆን ግን ነገሩን ሆድ ውስጥ አስገባው፣ ከመጠን በላይ ተሰማው ማለት ነው።

«ሉዝ ሃርት» ተስፋ መቁረጥ። «ሉዝ ዮር ሃርት ቱ» በፍቅር መያዝ። ልዩነቱን ያመጣው «ዮር» ነው። ልብ መሳት ለሁለቱም አይሆንም፤ እሱ ራስን መሳት ነው።

«ሃቭ ኧ ሃርት» እባክህ እዘን። «ሃቭ ዘ ሃርት ቱ» አብዛኛውን ጊዜ ከአሉታ ጋር ይመጣል፤ «አንጀቴ አልችል አለ» ነው የሚባለው።

«ባይ ሃርት» በቃል። ፈረንሳይኛውም «ፓር ኬር» ይላል፤ የሰፈሩን ስም ለገሃርን «ላ ጋር» (ባቡር ጣቢያው) ከሚለው ፈረንሳይኛ ላገኘ የድሬ ልጅ ይህ ሩቅ አይደለም። እነሱ ያጠኑትን ልብ ውስጥ አስቀመጡት፣ እኛ አፍ ላይ።

ጠያቂው
አቦ፣ ጥንዱ ይጠቅማል። «ሃርትሌስ»ን «ልበ ቢስ» ብለን ብናስተምርስ?

መልስ (ከመጋላ)
አይሆንም! ልበ ቢስ ማስተዋል የጎደለው፣ ዝንጉ ነው። «ሃርትሌስ» ጨካኝ ነው። «ልበ ደንዳና» ቢሉ ይቀርባል።

ምክንያቱን ካወቁት ዝርዝር አያስፈልግም። እንግሊዝኛ አንድ ልብ ላይ የጫነውን አማርኛ ለሦስት ያካፍለዋል። ልብ የማስተዋልና የድፍረት ቤት ነው፦ ልብ አድርግ፣ ልበ ሙሉ። ሆድ የቅያሜና የምስጢር፦ ሆዱ ባሰው፣ በሆዱ ያዘው። አንጀት የርኅራኄ። ስለዚህ «ኢት ብሮክ ማይ ሃርት» ፍቅረኛ ከተለየ «ልቤን ሰበረው» ይሆናል፤ የተራበ ልጅ አይቶ ከሆነ ግን «አንጀቴን በላው»። ተማሪው ከመተርጎሙ በፊት ስሜቱን በአንድ ቃል ይሰይመው፦ ፍቅር? ቅያሜ? ርኅራኄ? ከዚያ አካሉን ይምረጥ።

«ልቡ አብጧል» በእኛ ትዕቢት ነው። በእንግሊዝኛ ልብ ሲያብጥ ደስታና ኩራት ነው፣ ምስጋና እንጂ ስድብ አይደለም። የእነሱ ትዕቢት የሚያብጠው ጭንቅላት ላይ ነው፤ «ስዎለን ሄድ» ይላሉ።

መልስ (ከጀጎል፣ ሐረር)
አስጎብኚ ለመሆን የሚዘጋጁ ተማሪዎች ካሉ ይህችን ጨምሩ። «ጀጎል የሐረር እምብርት ነው» ሲተረጎም እምብርቱ «ሃርት» ይሁን፤ «ዘ ሃርት ኦቭ ሐረር»። ቃል በቃል «ኔቭል» ካሉት እንግዳው ሆድ ላይ ያለውን ያስባል። የሰላጣና የጎመን «ሃርት» ደግሞ መሀሉ ያለው ለስላሳው ክፍል ነው። «ሃርቲ ሚል» ከሆነ አማርኛው ራሱ ልብን ያገኘዋል፦ ልብ አድርስ ምግብ።

ጠያቂው
ለነገ ስድስት ዓረፍተ ነገር አወጣለሁ፤ ስሜቱን እየሰየሙ እንዲሠሩ።

መልስ (ከከዚራ)
ከስድስቱ አንዱ አካላዊ፣ አንዱ ቃር ይሁን፤ ሁሉም ምሳሌያዊ ከሆነ መጠየቁን ትተው መገመት ይጀምራሉ። አጠራሩንም አይርሱ። «ኸርት» ብለው ካነበቡት «ጎዳ» የሚለው ሌላ ቃል ይሆናል፤ አፍ ከፈት ብሎ «ሃ» ነው።