የስንብት ክፍያ ዋስትና ፈንድ፦ ለሚኒስቴሩ የምናስገባው ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የምናስገባው ጽሑፍ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። ታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ሸቀጥ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል) ከወጣች ወዲህ ሐዋሳም ሌሎች የኢንዱስትሪ ፓርኮችም ውስጥ ስንቱ ልጅ እንደተቀነሰ ታውቃላችሁ። እኔ "ለተቀነሰ ሠራተኛ የስንብት ክፍያውን መንግሥት ይክፈል" ብዬ ጀምሬያለሁ። አስተያየት ስጡበት።

የስፌት ክፍል ተወካይ፦ እህቴ፣ እሱን ብቻ ካልን "በጀት የለም" ብለው ይመልሱናል። ክፍያው እኮ በሕግ የአሠሪው ዕዳ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 40ን እይው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ። ድርጅቱ ከተዘጋ ወይም ቅነሳ ከሆነ በላዩ ላይ የ60 ቀን ይጨመራል። አራት ዓመት የሠራች ልጅ የ120 ቀን ደመወዝ አላት። በቀን 80 ብር የምታገኝ ከሆነ 9,600 ብር ነው። መብቱማ አለ። የጠፋው ከፋዩ ነው።

የማሸጊያ ክፍል አባል፦ እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የነበርኩበት ፋብሪካ ሲዘጋ "ሰኞ ኑና ሒሳባችሁን ውሰዱ" ተባልን። ሰኞ ስንሄድ በሩ ላይ ጥበቃው ብቻ ቆሟል። ከሰስን፣ ተፈረደልን። ግን ፍርዱን በምን ላይ እናስፈጽመው? ሼዱ የኪራይ ነው፣ ማሽኑ ተጭኖ ሄዷል። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተን እንኖር ነበር። ሦስቱ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ገጠር ተመለሱ። የፍርዱ ወረቀት እስካሁን ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ገንዘብ ያዥ፦ አይዞሽ ልጄ። ይሄ የጽሑፉ መግቢያ ይሁን፣ ስም ሳይጠቀስ። አዋጁ የሠራተኛ ክፍያ ከሌላው ዕዳ ይቀድማል ይላል። የሚሸጥ ንብረት ከሌለ ግን መቅደሙ ምን ይጠቅማል? ፈንድ ያስፈልገናል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በእስያ የገንዘብ ቀውስ ጊዜ፣ አሠሪዎች የሚያዋጡበት ፈንድ አቋቁማለች። ድርጅት ሲከስር ፈንዱ የመጨረሻውን ሦስት ወር ደመወዝና የሦስት ዓመት የስንብት ክፍያ ለሠራተኛው ይሰጣል። ከዚያ ገንዘቡን ከአሠሪው የማስመለሱ ጣጣ የፈንዱ ነው እንጂ የሠራተኛው አይደለም። እንግሊዝም አሠሪው መክፈል ሲያቅተው ከብሔራዊ የመድን ፈንዷ ትከፍላለች።

የስፌት ክፍል ተወካይ፦ ልክ ነው ጋሼ። መነሻውን ግን መንግሥት ያስቀምጥ። ባለሀብቱን በታክስ እፎይታ የጠራው እሱ ነው።

የጥገና ክፍል አባል፦ ከሠራተኛው አምስት ሳንቲም እንዳይቆረጥ! ለጡረታ 7 በመቶ እየሄደ ነው፣ ይበቃል። ሌላ ነገር ደግሞ ልጨምር። ማሽን ከአገር ሲወጣ በጉምሩክ ነው የሚያልፈው። የሠራተኛው ሒሳብ መዘጋቱን የሚያሳይ ክሊራንስ ከሌለ እንዳይለቀቅ እንጠይቅ። ለዚህ ምንም በጀት አያስፈልግም።

ጸሐፊ፦ የጉምሩኩ ነገርማ አንደኛው ነጥብ መሆን አለበት። የእኔን ዓረፍተ ነገር ሰርዤዋለሁ። አሁን እንዲህ ይነበባል፦ "መንግሥት መነሻ ገንዘብ ያስቀምጥ፣ አሠሪ በየወሩ ያዋጣ፣ ድርጅት ሲዘጋ ፈንዱ ቀድሞ ለሠራተኛው ይክፈልና በኋላ ከአሠሪው ያስመልስ።" የኮንትራት ሠራተኞችን ጉዳይ ነገ ማታ እንጨርሰው። ማሸጊያ ያለሽው እህቴ፣ የፍርዱን ወረቀት ኮፒ ይዘሽልኝ ነይ። ስምሽን ሸፍነን አባሪ እናደርገዋለን።