ደሴ ላይ በነጻ የሚጠጣ ውሃ ካርታ ላይ ስናስገባ ምን እንጻፍ?

ጦሳ_ሥር፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ከፒያሳ እስከ መናኸሪያ መንገደኛ በነጻ የሚጠጣባቸውን ቧንቧዎች ኦፕንስትሪትማፕ (ማንም ሰው የሚያርመው የኢንተርኔት ካርታ) ላይ ልናስገባ ነው። የመስጊድ ቧንቧ አለ፣ ቦኖ አለ፣ የግቢ ቧንቧም አለ። ሁሉንም «የመጠጥ ውሃ» ብሎ ማለፍ ይበቃል? ፈረቃውንስ ምን እናድርገው?

ቦርከና፦ አይበቃም ወንድሜ። ቦኖ በጀሪካን ስለሚሸጥ «በክፍያ» ተብሎ ለብቻው ይግባ፤ ነጻ ነው ተብሎ ሄዶ ብር የተጠየቀ ሰው ሌላውንም ነጥብ አያምንም። መስጊድ ላይ ኮሚቴውን አስፈቅዱ፣ ከዚያ ውሃው ከመስመር ነው ከሮቶ ጠይቁ። ለውዱእ የሆነ ሁሉ ለመጠጥ አይሆንም፤ ሮቶ ውስጥ የቆየ ውሃ ክሎሪኑ እየጠፋ ይሄዳል፣ ክዳኑ ክፍት ከሆነማ «ለመጠጥ» ብላችሁ አታስገቡት።

ፈረቃን እንደ ቋሚ ሰዓት አትጻፉ፣ ይለዋወጣል። ማስታወሻው ላይ «በፈረቃ» በሉና ያያችሁበትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር አስገቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ሰዓት ላይ ነው፦ ግቢው ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚከፈት ከሆነ 07:00 ነው የሚጻፈው። 01:00 ካላችሁ ካርታው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ብሎ ይረዳዋል።

መስመር_ሠራተኛ፦ ከተማው ተዳፋት ስለሆነ አንድ ጊዜ አይቶ መመዝገብ አያዋጣም። በየ10 ሜትር ሽቅብ 1 ባር ያህል ግፊት ይቀንሳል፤ ታች ቀን የሚወርድ ውሃ ላይኛው ሰፈር ሌሊት ብቻ ሊደርስ ይችላል። ጠዋትም ከሰዓትም እዩት።

ክሎሪኑን በዲፒዲ ቁጥር 1 እንክብል (ክሎሪን ያለበትን ውሃ ሮዝ የሚያደርግ መመርመሪያ) ለኩ። ቧንቧው 1 ደቂቃ ያህል ይፍሰስ፣ 10 ሚሊ ሊትር ቅዱ፣ እንክብሉን በእጅ ሳትነኩ ጨምራችሁ አሟሙት፣ ሮዝ ቀለሙን ወዲያው ከመለኪያው ጋር አስተያዩ። በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ከሆነ ጥሩ ነው። ክሎሪኑ ከልክ በላይ ሲበዛም ቀለሙ ነጥቶ ዜሮ ሊመስል ስለሚችል፣ ሽታው ጠንካራ ከሆነ በንጹሕ ውሃ አቅጥናችሁ ድገሙት።

ጦሳ_ሥር፦ እውነተኛ ዜሮ ከሆነስ? ነጥቡን እናጥፋው?

ቦርከና፦ አብሽር፣ አታጥፉት። ቧንቧ መሆኑ ይቆይ፣ «ለመጠጥ» የሚለው ብቻ ይነሳ፤ «አፍልተው ይጠጡ» ብላችሁ ጨምሩ። ኮምቦልቻ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ደሴ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው፣ 3 ደቂቃ በሉ።