ታይፎይድም ሪህም ካልሆነ ታዲያ ምንድነው?

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ነው የምኖረው፣ 31 ዓመቴ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል፤ ጀበና እንኳ ማንሳት ያቅተኛል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይለቀኛል። የአዳማ ፀሐይ ሲነካኝ ደግሞ ጉንጬና አፍንጫዬ ላይ ሽፍታ ይወጣል። ፀጉሬም እየረገፈ ነው።

አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ፣ ሌላው ሪህ። (ታይፎይድ ያልተባለ በሽተኛ አለ እንዴ?) በኋላ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) ሲጠረጠር የሚታዘዝ ኤኤንኤ የሚባል የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ሆነ። ሐኪሙ "ይሄ ብቻውን ሉፐስ አያስብልም፣ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል" ብሎ ማስታገሻ ጽፎ ሸኘኝ። ሽንቴ እንኳ አልታየም። ሉፐስ ኩላሊት ሊጎዳ እንደሚችል ካወቅኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

እዚሁ አዳማ የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት የምታውቁ አላችሁ? ወይስ ለጥቁር አንበሳ ሪፈር ላስጽፍ? እባካችሁ፣ ያለፈበት ሰው ካለ ከየት እንደጀመረ ይንገረኝ።