ሀሳቤን ቀይሬ ወደ መጀመሪያው ስመለስ በእንግሊዝኛ ምን ልበል?

ታንኳ ቀዛፊ፦
ሰላም ቤቶች። ባሕር ዳር እንግዳ አስጎበኛለሁ። ትናንት ከእንግሊዝ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩኝ። ጠዋት በጀልባ ዘጌ እንሂድ አልኳቸው። ንፋሱን ሳየው ደግሞ ሀሳቤን ቀየርኩና ጢስ ዓባይ ይሻላል አልኩ። ቡና ጠጥተን እስክንነሳ ሐይቁ ጸጥ አለ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ «ባክ ቱ ስኩዌር ዋን! ዘጌ!» ስላቸው ሴትዮዋ ደንግጣ ምን ተበላሸ አለችኝ። ምን ማለት ነበረብኝ?

ዘጌ ቡና፦
ብትደነግጥ አይፈረድባትም ወንድሜ። ስኩዌር ዋን የለፋህበት ነገር ከሽፎ ከዜሮ ስትጀምር ነው። ልጅ ሆነን ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እንደገና ከሰኞ ጀምር ስንባል የሚሰማንን አስበው። አንተ ምን ከሸፈብህ? «ኦን ሰከንድ ቶትስ፣ ዘጌ» ብትል አለቀ። እንደኛው «ቆይ እስቲ፣ ሳስበው…» ነው። አሜሪካኖች ያለ «ስ» ቶት ይሉታል፣ እንግሊዞች ናቸው የሚያበዙት።

ቀበሌ 14፦
«ኮም ፉል ሰርክል» ቢልስ? ዞሮ ዞሮ ከቤት እንደምንለው።

ዘጌ ቡና፦
እሱ ብዙ ዞሮ ለተመለሰ ነው። ከዘጌ ወጥቶ አገር ለአገር ሲዞር ኖሮ በስተርጅና የአባቱን ቡና ለሚለቅም ሰው ያምራል። ለአንድ ስኒ ቡና ጊዜ ግን በዛ።

አስተማሪዋ፦
እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ተማሪዎቼ ወደ ቃሌ ተመለስኩ ለማለት ፈልገው «አይ ዌንት ባክ ኦን ማይ ወርድ» ይላሉ። ቃሌን አጠፍኩ ማለት እኮ ነው! «ጎ ባክ ቱ» መመለስ፣ «ጎ ባክ ኦን» ማጠፍ። ቀብድ ተቀብለህ እንዲህ ብትላቸው ብለህ አስበው። «ሌትስ ጎ ባክ ቱ ዘ ፈርስት ፕላን» በቂ ነው፣ ሁሉም ይገባዋል። ዩ ተርንን (አቋም ቀይሮ ወደ ኋላ መዞርን) ደግሞ ጋዜጦች ፖለቲከኛ መውጊያ አድርገውታል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው ማርጋሬት ታቸር እ.ኤ.አ. በ1980 በፓርቲዋ ጉባኤ ላይ እናንተ ከፈለጋችሁ ዙሩ፣ እኔ አልዞርም ያለችው በዚሁ ቃል ተጫውታ ነው።

ታንኳ ቀዛፊ፦
ተባረኩ። ደግነቱ ሴትዮዋ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብታ ሥዕሎቹን ስታይ ሁሉንም ረሳችው። ነገ ጢስ ዓባይ ነን። ኦን ሰከንድ ቶትስ፣ ንፋሱን ልየው።